አንድ ማሽን ለሦስት ወረዳ፤ ከማር ውሃ እስከ ፌርፋክስ

በዚህ ጉዞ ውስጥ እጃቸው ያለበትን ሰዎች አስቀድሜ ልጥራ፤ አንባቢ መሃል መንገድ ላይ “ይህ ደግሞ ማን ነው?” እያለ እንዳይቸገር።

እኔ ጌታነህ ነኝ፤ የማር ውሃ አናጢ፣ የአራት ልጆች አባት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። አጻጻፌ አልፎ አልፎ ዐዋጅ ዐዋጅ ቢል ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ሰብለ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሎስ አንጀለስ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ዮናስ ባሏ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ይዘምራል፣ በቀረው ቀን ይቀልዳል። ወይዘሮ አልማዝ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ ትውልዳቸው ከእኛ በስተቆላ ያለችው ሾላ ሜዳ ናት። አቶ ክፍሌ የዞናችን ዋና ከተማ ልጅ ናቸው፤ እዚያ ያሉ የአገራችን ተወላጆች ያቋቋሙት የልማት ማኅበር ሊቀ መንበር። የመጨረሻዋ ትዕግሥት ናት፤ ከቴክኒክና ሙያ በእንጨት ሥራ ተመርቃ ከአስቴርና ከአራት ወንዶች ጓደኞቿ ጋር ማር ውሃ ላይ የተደራጀች ልጅ። ትዕግሥት ከማር ውሃ አንድ እርምጃ አልወጣችም፤ ጉዞው ግን የእሷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ለተደራጁ ወጣቶች የመሥሪያ ሼድ፣ ብድርና የገበያ ትስስር ይሰጣል። ይሰጣል ስል ለዞኑ ከተማ ይሰጣል ማለቴ ነው። ማር ውሃ የሚደርሰው ስብሰባው ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእነ ትዕግሥት ማመልከቻ ጻፍኩ። መልሱ ሁልጊዜ “በመመዘኛው መሠረት አላለፉም” የሚል ነው። መመዘኛውን አስመጥቼ አነበብኩት፤ “አስተማማኝ መብራት ያለው፣ ከአስፋልት የማይርቅ” ይላል። በዞናችን መብራትና አስፋልት ያለው አንድ ከተማ ብቻ ነው። ይህን የጻፈውን ኃላፊ ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ “አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ተቀባዩን መርጠህ ኋላ መመዘኛውን አለበስከው” ብዬ ገሥጬዋለሁ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በዚህ መሃል የሎስ አንጀለሱ ማኅበር የሚሰነጥቅ፣ የሚልግና የሚበሳ አንድ ትልቅ የእንጨት ማሽን ለአገር ቤት ወጣቶች ሊገዛ ገንዘብ ማዋጣቱን ሰብለ ነገረችኝ። ከማር ውሃ፣ ከሾላ ሜዳና ከዞኑ ከተማ ለየትኛው ወረዳ እንደሚሰጥ ግን ገና አልተወሰነም። ሰብለ “መጥተህ ቤቴን እይልኝ” ስትለኝ ሦስት ዓመት እምቢ ብያት ነበር፤ ይህን ስሰማ እሺ አልኩ። “ለማሽን መጣህ እንጂ ለእኔ አልመጣህም” ትለኛለች እስከ ዛሬ። ውሸት አልናገርም፤ እውነቷን ነው።

ልነሣ ስል ትዕግሥት መጣች። በእጇ የሠራችውን አንዲት ምስማር የሌላት ታጣፊ በርጩማ ይዛለች። “ጋሽ ጌታነህ፣ ይቺን አሳዩልን። እስከ ሰኔ እንጠብቃለን። ከዚያ እኔና አስቴር ወደ ዓረብ አገር፣ ወንዶቹ ወደ አዲስ አበባ ነን” አለችኝ። አልለመነችኝም፣ አላለቀሰችም። ቀን ቆርጣ ነገረችኝ። “ባዶ እጄን አልመለስም” አልኳት። አባት እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ መስጠት የለበትም፤ እኔ ግን ሰጠሁ።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቀን። ከማር ውሃ በአይሱዙ ጋቢና ወደ ዞኑ ከተማ ሄድኩ። መኪናው ሽንኩርት ጭኗል፤ እኔ በርጩማዋን አቅፌአለሁ። ከተማው ስንደርስ ሼዶቹን ቆጠርኩ፤ አሥር ናቸው። አራቱ ተቆልፈዋል። አምስተኛው ደግሞ ተከፍቶ እኛ ያመጣነው ሽንኩርት ተራገፈበት። የእንጨት መሥሪያ ሼድ ውስጥ ሽንኩርት! ቂሜን ጨምሬ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ገባሁ።

ቦሌ ላይ ትንሽ ችግር ገጠመኝ። እንጨት የማለሰልስበትን መላጊያዬን በእጅ ቦርሳ ይዤ ነበር። ፈታሹ ወጣት አወጣና ስለቱን እያየ፣ “አባት፣ ይህ ምንድነው?” አለኝ። “እጄ ነው” አልኩት። “እጅዎን ከሻንጣዎ ጋር ይላኩት እንግዲህ” ብሎ እየሳቀ ተመልሼ እንዳስረክበው ራሱ መራኝ፣ ተራም አስለቀቀልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ በየቢሮው ቢገኝ እኔ ይህን ያህል ማመልከቻ ባልጻፍኩ።

ሦስተኛው ቀን። ሎስ አንጀለስ ስደርስ ዮናስ የኤርፖርቱ በር ላይ ቆሟል። “ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ና ግባ፣ እዚህ ብዙ ማቆም አይቻልም” አለኝ። አንተ አለኝ! አማቱን! መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩበት። ገባው።

“ጋሼ ይቅርታ፤ አንቱን ወደዚህ አገር ስመጣ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር፣ ኤርፖርት ላይ ጠፋብኝ።”

“መላጊያዬ እንኳን ደርሷል” አልኩት። መንገድ ሊስት እስኪደርስ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ተዋደድን።

ቤታቸው ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር ነው፤ ከትልቁ አውራ ጎዳና በስተደቡብ። መኪናው ሌት ተቀን እንደ ክረምት ወንዝ ይጮኻል። ሰፈሩ ግን ልቤን ወሰደው። ቤቶቹ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ በረንዳቸው፣ ዓምዳቸው፣ የጣሪያቸው ጠርዝ ሁሉ እንጨት። እኛ ጋ እንጨት ቤት ያለው ሰው ብሎኬት እስኪያገኝ ያፍራል። እዚህ እንጨቱን ቀለም እየቀቡ መቶ ዓመት ያኖሩታል። ሰብለ ቀይ ወጥና ጎመን ሠርታ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጄን የሚያህል ማንጎ አመጣች፤ ያምራል፣ ሽታ ግን የለውም። የሾላ ሜዳ ማንጎ ጡጫ አይሞላም፣ ሽታው ግን ከገበያ ይጠራል።

በርጩማዋን ስፈታ አንድ እግሯ ተሰብሯል። ሰብለ ፊቴን አይታ፣ “አባዬ፣ ሱቅ ሄደን ሌላ እንገዛለን” አለች። በርጩማ ሳይሆን የስድስት ሰው ተስፋ መሆኗን ስነግራት ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

አራተኛው ቀን። ሁለቱም ሥራ ገቡ። ለበርጩማዋ እግር እንጨት ለመፈለግና ፌርፋክስን ለማየት እሷኑ ታቅፌ በእግሬ ወጣሁ። ሰብለ “አባዬ፣ ሰው እዚህ በእግሩ አይሄድም” ብላኝ ነበር። ማር ውሃ ሰው ሁለት ሰዓት ተጉዞ ገበያ ይውላል፤ ምን ይሆናል ብዬ ናቅሁ። ጎዳናው ባዶ ነው። ውሻ የሚያናፍሱ ሁለት ሴቶች ብቻ አገኘሁ፤ ውሻው ከእኔ ይልቅ ቦታውን ያውቃል። ጠፋሁ።

አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ የበረንዳቸውን ደረጃ ይጠግናሉ። በጣውላው ጫፍ ላይ ምስማር ሊመቱ ሲሉ ሳላስበው “ኧረ ይሰነጠቃል!” ብዬ ጮኽኩ። ቀና አሉ። በእጄ አሳየኋቸው። መዶሻውን ሰጡኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቋንቋ ሳንግባባ ሠራን፤ እኔ አማርኛዬን፣ እሳቸው እንግሊዝኛቸውን እያወራን። ሲያልቅ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ዳቦ በዶሮ አቀረቡልኝ። የተሰበረችውን በርጩማ ሳሳያቸው ከጓሯቸው ኦክ የሚሉትን ጠንካራ እንጨት ቁራጭ አምጥተው አብረን እግር አወጣንላት። ከዚያ በአሮጌ ፒካፕ መኪናቸው ፌርፋክስ አደረሱኝ። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ፤ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ሰብለ ግን በስልክ ስትፈልገኝ ውላ አገኘችኝና ልጅነቷን ረስታ ተቆጣችኝ። ደስ አለኝ። ልጁ የሚቆጣው አባት አልተረሳም ማለት ነው።

አምስተኛው ቀን። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ማለትም ትንሿ ኢትዮጵያ፣ የሚሉት አንድ አጭር መንገድ ነው፤ ከኦሊምፒክ ጎዳና አጠገብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ምግብ ቤቶች፣ የበርበሬና የሽሮ ሱቆች፣ የልብስ ሱቅ። ሰው በመኪና ይመጣል፣ ማቆሚያ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እኔ ጠዋት ከወይዘሮ አልማዝ ምግብ ቤት ገብቼ የሚነቃነቁ ወንበሮቻቸውን መጠገን ጀመርኩ፤ ያለ ሥራ መብላት አልችልም። ወይዘሮ አልማዝ ከማእድ ቤት ብቅ ብለው፣ “ጋሽ ጌታነህ፣ ሁሉን ካጠበቁት ሰው ቶሎ አይነሣልኝም! ሁለት ሦስት የሚነቃነቁ ይተውልኝ” አሉ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አየሁ። እንጀራ የሚያደርሰው መኪና ትናንት ከሰሜኑ ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ግን ከደቡቡ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

“ድሮ ሁልጊዜ ከላይ ነበር የሚጀምረው” አሉ ወይዘሮ አልማዝ። “ታች ያሉት የተጫነበትና የተቀደደ እየደረሳቸው ተጣላን። ሶ፣ ተስማማን፤ አንድ ቀን ከዚህ፣ አንድ ቀን ከዚያ። እኔ መሃል ነኝ፤ ከየትም ቢመጣ አይጎድልብኝም።”

ሰምቼ ወንበሬን መታሁ። ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ ግን ገና አልሰማም።

ስድስተኛው ቀን። አቶ ክፍሌ በመኪናቸው ክሬንሾው የሚባለውን ሰፈር አሳዩኝ። መንገዱ ተቆፍሯል፤ ባቡር እየተሠራ ነው። “ይህ ሰፈር ባቡር ሲጠብቅ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሌላው ወገን ቀድሞ አገኘ” አሉኝ። አሜሪካም እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ፤ ትንሽም ተጽናናሁ። ከዚያ የከተማቸውን አሥር ሼዶችና የሽንኩርቱን ነገር አነሣሁባቸው። “እናንተማ ጠግባችኋል” አልኳቸው። አቶ ክፍሌ መኪናውን ዳር አስያዙ።

“ጋሽ ጌታነህ፣ የእህቴ ልጅ ብረት ሥራ ተምሯል። ሼድ ሲጠብቅ ጺም አወጣ። ሼዱን ያገኙት የሚታወቁት ናቸው። ሽንኩርቱን አይተዋል አይደል? የእኛ ከተማ ድሃ ደግሞ በሼዱ አጠገብ እያለፈ ነው የሚራበው። የእርስዎ ቢያንስ አያየውም።”

ከተማን በሙሉ ጠላት አድርጌ ሦስት ዓመት ኖርኩ፤ ከተማ ግን ሰው ነው፣ ሰውም ይለያያል። ይህን ከግድግዳው ጋዜጣ አልተማርኩም።

ሰባተኛው ቀን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የማኅበሩ ኮሚቴ በወይዘሮ አልማዝ ምግብ ቤት ተሰበሰበ። አቶ ክፍሌ “ማሽኑ መብራት ባለበት ይቀመጥ፣ ወጣቱ ይመጣበታል” አሉ። ወይዘሮ አልማዝ “የሾላ ሜዳ ልጅ ስምንት ሰዓት ሄዶ ሊልግ ነው? ኧረ ተዉ!” አሉ። ድምፅ ከፍ አለ። ዮናስ “ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሰላም ነው” እያለ ሽሮ ያቀርባል። በመጨረሻ ወይዘሮ አልማዝ፣ “ከአገር ቤት የመጣ፣ እንጨትም የሚያውቅ ሰው እዚህ ተቀምጧል። እሳቸው መመዘኛ ያውጡ፤ ነገ እንደ መመዘኛው እንወስናለን” አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

ያን ጊዜ “እኔ የማር ውሃ ሰው ነኝ፤ የእነ ትዕግሥትም ማመልከቻ ኪሴ ውስጥ ነው” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ስምንተኛው ቀን። ሰኞ ጠዋት በሰብለ ጠረጴዛ ላይ መመዘኛውን በጥሩ ወረቀት ጻፍኩ። ነጥቡ ከመቶ ነው። አንደኛ፣ ከዞኑ ከተማ ከሦስት ሰዓት የማያንስ መንገድ የሚርቅ። ሁለተኛ፣ ነገር ግን በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት መብራት የሚያገኝ። ሦስተኛ፣ በእንጨት ሥራ የተመረቀች ሴት ሊቀ መንበር ያለችው ማኅበር። አራተኛ፣ አባላቱ ከስድስት የማይበልጡ፣ ከስድስትም የማያንሱ። አምስተኛ፣ ልምድ ያለው አማካሪ አናጢ በአቅራቢያው የሚገኝ። ጽፌ ስጨርስ ልቤ ረካ። ቀጥ ያለ፣ ፍትሐዊ መመዘኛ መሰለኝ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ በእውነት መሰለኝ።

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሠላሳ የሚሆን ሰው እዚያው ለስብሰባው መጣ። ወይዘሮ አልማዝ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አንደኛውን አነበቡ፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን አነበቡ፤ አቶ ክፍሌ አገጫቸውን አሹ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ።

“ጋሽ ጌታነህ፣ ይቺ መመዘኛ የቀራት የቤትዎ ቁጥር ብቻ ነው!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዮናስ የያዘውን ጠርሙስ ሁሉ አስቀመጠ። ሰብለ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። “አማካሪው አናጢ ደመወዝ አለው ወይ?” አለ አንዱ ከኋላ።

እኔ አልሳቅሁም። የዞኑን ኃላፊ ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። “መጀመሪያ ተቀባዩን መርጠህ ኋላ መመዘኛውን አለበስከው” ያልኩትን ሰው። እሱ ቢያንስ የሚያዘው አለቃ አለው፤ እኔ ማንም ሳያዘኝ አደረግሁት። ተነሣሁ። ኪሴ ውስጥ ያለውን የእነ ትዕግሥት ማመልከቻ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። “ይህን ይዤ ነው የፈረድኩት። ጥፋተኛ ነኝ” አልኩ። ከዚያ በርጩማዋን ከፈትኩና፣ “ይቺን የሠራችው ልጅ በሰኔ አገር ትለቃለች። እውነቱ ይህ ነው። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ” ብዬ ቁጭ አልኩ።

አቶ ክፍሌ መጥተው በርጩማዋን ገለበጡ፣ መገጣጠሚያዋን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ተቀመጡባት። ከባድ ሰው ናቸው። አልጮኸችም። “ምስማር የለውም?” አሉ። “የለውም።” “ይህንን ያለ ማሽን?” “በመላጊያና በመጋዝ።” ከዚያ ቀና ብለው፣ “ታዲያ ትልቁ ማሽን ምን ያደርጋል?” ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ነገሩን የፈታው። አናጢ ስለሆንኩ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ፤ ስስት ሸፍኖብኝ ነበር። ትልቁ ማሽን የትም ቢተከል አንድ ቦታ ብቻ ነው። በእሱ ዋጋ ግን በእጅ የሚያዙ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የመሰንጠቂያ፣ የመላጊያና የመብሻ ሦስት ሙሉ ስብስብ ይገዛል፤ ለሦስቱም ወረዳ። በላዩ በጋሪ የሚጎተት አንድ ጄኔሬተር ይጨመራል፤ መብራት ለሌለው ሾላ ሜዳ፣ ለሚጠፋበት ማር ውሃ፣ የመብራት ቆጣሪ ለተከለከሉት የከተማ ልጆች። በየወረዳው አራት አራት ወር እየቆየ ይዞራል።

“ከማን ይጀምራል?” አለ ከኋላ ያ የደመወዙ ሰው። እንደገና ጩኸት ሊነሣ ሆነ።

“እንደ እንጀራው መኪና” አልኩ። “ዘንድሮ ከሾላ ሜዳ ጀምሮ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ከርሞ ከከተማው ጀምሮ ይወርዳል።”

ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ወዲያው ግን አዩኝ። “ጋሽ ጌታነህ፣ ማር ውሃ እኮ መሃል ናት። እንዲህ ከሆነ መቼም አንደኛ አትሆንም።”

አውቄዋለሁ፤ ስናገረው ነበር ያወቅሁት። “ትሁን” አልኩ። አቶ ክፍሌ እጄን ጨበጡኝ፤ ይህ ከሳቁ ይልቅ ጣፈጠኝ። ወይዘሮ አልማዝ በዚያው አሥራ ሁለት በርጩማ አዘዙ፤ ከየወረዳው አራት አራት። የገበያ ትስስር ማለት ይህ ነው፤ ስብሰባው ሳይሆን።

ትዕግሥትን መንገር ቀረ። አገር ቤት እስኪነጋ ጠብቀን ሰብለ በስልኳ ደወለችልኝ። ትልቁ ማሽን እንደቀረ፣ ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ በሁለተኛ ተራ እንደሚደርሳቸው አንድ በአንድ ነገርኳት።

“ጋሽ ጌታነህ፣ ሁሌ ሁለተኛ ነው ያሉት?”

“ሁሌ።”

“እንግዲያ መቼም መጨረሻ አንሆንም ማለት ነው” አለችና ከኋላዋ ላሉት ጮኻ ነገረቻቸው። እልልታው ከማር ውሃ ፌርፋክስ ድረስ ተሰማ። ዮናስ በዚህ በኩል ዘፈን ይሁን መዝሙር ያልለየሁትን አነሣ፤ ሰዎቹ በትከሻቸው ተቀበሉት። እኔም፣ ይኸው እናዘዛለሁ፣ ተነሥቼ ወረድኩበት።

ቀሪዎቹን ቀኖች ወንበር ስጠግን፣ ስጋበዝ፣ ባሕር ዳር ተወስጄ ከባሕሩ ይልቅ የእንጨት ድልድዩን ከሥር ስመረምር አሳለፍኩ። ተመለስኩ። እነ ትዕግሥት ሰኔም ሐምሌም አልፎ ማር ውሃ ናቸው። ወደ ዞኑ ኃላፊም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ተግሣጹ ሳይሆን፣ እኔ እንደዚያ አላደርግም ብዬ ስላሰብኩት። ማመልከቻዬን ግን አልተውኩም፤ አሁን የምጽፈው ለሦስቱም ወረዳ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ። ሰብለ አራት ቀን ሥራ ቀረች። ዮናስ ሦስት ቀን ታክሲውን አቆመ፤ ደንበኛው ሁሉ በስልክ መኪና በሚጠራበት ዘመን ይህ ቀላል አይደለም። ወይዘሮ አልማዝ ሠላሳ ሰው በነፃ አበሉ። አቶ ክፍሌ ለከተማቸው የተመኙትን ትልቅ ማሽን አጡ። እኔ ኩራቴን አስረከብኩ፤ እንደ መላጊያዬ አልተመለሰልኝም፣ አልፈለግሁትምም። መሣሪያው፣ ጄኔሬተሩ፣ መላኪያውና ቲኬቴ ሲደመር ሁላችንን ያስወጣን ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዶላር ነው። ለሦስት ሲካፈል አንድ ዶላር ይተርፋል። የማን እንደሆነች መስማማት ስላልተቻለ በጄኔሬተሩ ክዳን ውስጥ ለጥፈናታል፤ ከሾላ ሜዳ ወደ ማር ውሃ፣ ከማር ውሃ ወደ ከተማው፣ በተራዋ ትዞራለች።